ባለቤቱ ሮም ናት

እንጅባራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልሽ ለወንድሜ ልጅ ለምሥራቅ ደርበው፤

እንደምን ከረምሽ? እኔና አባትሽ ከብርዱ በቀር የምንከሰው የለንም፤ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። አንቺንም ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ከማታውቂው ሰው ክፋት፣ ከምታውቂውም ሰው ቅናት ይሰውርሽ።

የሐምሌው ደብዳቤሽ የደረሰን በመስከረም መጨረሻ ነው። እዚያ ያለችው የጓደኛሽ የናርዶስ እህት ከዳንግላ ይዛው መጥታ በእጄ ሰጠችኝ። አባትሽ ይኸው እስከ ዛሬ ማታ ማታ ያስነብበኛል። ስልኩን እንደማይወደው ታውቂያለሽ። «ድምፅዋ ይመጣና ተመልሶ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ግን እዚሁ ያድራል» ይላል። ስለዚህ በስልክ የነገርሽንንም ቢሆን ጻፊልን። እኔም ፊደሉን ከስኳርና ከጨው መጠቅለያ ላይ የለቀምኩት ነውና አጻጻፌን ታግሠሽ አንብቢ።

ቦራው አድጓል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባዝራዋ የወለደችው፣ አባትሽ «ያንቺ ነው» ያለሽ ውርንጭላ ዛሬ ሙሉ ፈረስ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ እንዳለ አለ። ግን እስከ ዛሬ ሰው አልወጣበትም። ጎረቤታችን ጋሽ ዓለምነው ባለፈው መጥተው፣

«ደርበው፣ ይህ ፈረስ ካልተገራ ይበላሽብሃል። ለልጄ ለይኸነው ስጠውና ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረስ በዓል ከፈረሰኞቹ ጋር ይጋልበው» ቢሉት፣

«ባለቤት አለው» አለ።

«የት ነው ባለቤቱ?»

«ባለቤቱ ሮም ናት።»

«ሮም ሆና ትገራዋለች?»

«ስትመጣ።»

ጋሽ ዓለምነው ሳቁበት። እሱ አልሳቀም።

ሌላም ጭቅጭቅ ይዘዋል። ጋሽ ዓለምነው እንጅባራ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ የሮምን ከተማ ሥዕል አይተው፣ አደባባዩ ላይ የብረት ፈረስ ከነጋላቢው ቆሟል አሉ። «አራት እግሩን ተክሎ የቆመ ነው» ይላሉ። አባትሽ ደግሞ «የብረትም ቢሆን ፈረስ እንደ በርጩማ አይቆምም፤ አንድ እግሩን ሳያነሣ አይቀርም» ይላል። ሁለቱም እኔን እያዩ ስለሆነ የሚከራከሩት፣ እባክሽ አይተሽ ጻፊልን። የትኛውን እግሩን ነው ያነሣው? ልጓሙስ? ሰውዬው እርካቡን የረገጠው በአውራ ጣቱ ነው ወይስ በሙሉ እግሩ?

ዋናውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጻፊው ብሎኛል። ለጥር ሃያ ሦስት ትመጫለሽ?

አክስትሽ ማናለብሽ


ሮም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለአክስቴ ለእትዬ ማናለብሽ፤

ሰላምታዬ ከቀርከሃው አጥር ጀምሮ ደጅ እስከ ታሰረው ቦራ ድረስ ላለው ሁሉ ይድረስ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት።

እትዬ፣ ይሳቁብኝ እንጂ ያንን ፈረስ አላየሁትም። የማውቃት ሮም ከሲኞራ መኝታ ቤት እስከ መድኃኒት ቤቱ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ሲኞራ የማስታምማት አሮጊት ናት። አሳቧ እየጠፋ ሄዶ በሞተች እህቷ ስም ነው የምትጠራኝ። በጣልያንኛ ሳናግራት ትቆጣለች። አንድ ቀን ሳላስበው በአገውኛ ባወራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ አልበላም ስትል በአገውኛ ነው የማባብላት። አባየ ፈረሱን ለምን በአገውኛ እንደሚያናግረው አሁን ገባኝ።

ስለ ጥር የጠየቁኝን ልመልስ። የመኖሪያ ወረቀቴ ተሠርቶ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል ይሉኛል። ሲኞራም ብቻዋን አትተውም። ምናልባት ለዚህ ጥር ካልደረስኩ ለሚመጣው እደርሳለሁ። አባየን እንደሚሆን አድርገው ይንገሩልኝ።

ፈረሱን ግን ለሌላ ሰው እንዳይሰጠው። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ አንዴ ጽፌዋለሁና ይቅር።

ልጅዎ ምሥራቅ


እንጅባራ፣ ጥር 13 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥራቅ፤ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰሽ። ለከርሞው ከኛ ጋር ታቦት ለመሸኘት ያብቃሽ።

ደብዳቤሽ የከተራ ዕለት ደረሰን። ለአባትሽ ሳነብለት «ምናልባት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ቀነስኩ።

«ማናሌ፣ ድምፅሽ የት ገባ?» አለኝ።

«ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው።»

«ጉሮሮሽ ሁልጊዜ እዚያች መሥመር ላይ ነው የሚይዝሽ» አለ።

ወገቡን ስለሚያመው ዘንድሮ አይጋልብም። ቦራውን ግን በየማለዳው ያጥበዋል። የኮርቻውን ጌጥ፣ ግላሱን፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ አራግፎታል፤ ልጓሙን በሎሚ ፈትጎ አብርቶታል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ጥቂት ቀርቶታል» የሚለውን አምናም ጽፈሽዋል፤ ካቻምናም። ወረቀትሽ ምንድን ነው የጎደለው? ብሳሳት ይቅር በይኝ። እውነቱን ለኔ ንገሪኝ፤ እሱ የሚጠብቀው ያንቺን ቃል ይዞ ነው።

አክስትሽ ማናለብሽ


ሮም፣ የካቲት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማናለብሽና ለአባየ፤ አምላክ ይህን ሰላምታ የሚቀበል ሰው ስለተወልኝ ስሙ ይመስገን።

ስለ ትናንት ማታው ስልክ ይቅርታ አድርጉልኝ። አባየ «ማን ሞተ?» ሲለኝ ሳለቅስ ሒሳቡ አለቀብኝ። ለምን እንዳለቀስኩ ዛሬ ሲኞራ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ እጽፋለሁ። እትዬ፣ ሲያነቡለት የትም ላይ ድምፅዎን አይቀንሱ። ሁሉንም ይስማ።

ትናንት እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ናርዶስና እማማ ውብአየሁ ግራና ቀኝ ያዙኝ። የዳንግላዋን ናርዶስን ያውቋታል። እማማ ውብአየሁ የጥሊሊ ሰው ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት ነው እዚህ የመጡት። የታመመም የወለደም መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነው።

«ዛሬ ሮምን እናሳይሽ» አሉኝ።

«ምን ተገኘ?»

«ምንም። ይህን ያህል ኖረሽ ምኑንም አላየሽው» አለች ናርዶስ። «ስልክሽን ስጪኝ፣ ፎቶ ላንሣሽ።»

ሰጠኋት። አልመለሰችልኝም።

ሲኞራን ልጇ ስለያዘችልኝ እስከ ማታ ጊዜ ነበረኝ። «እንግዲያው የአባየን ፈረስ አሳዩኝ» አልኩ። ሁለቱ ተያዩ። ለምን እንደተያዩ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ፈረሱ ያለው ካምፒዶሊዮ የሚሉት ኮረብታ ላይ ነው። መውጫው ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ደረጃ ስለሆነ ቦራውም ሳይቸገር ይወጣዋል። ለጋሽ ዓለምነው ይነገራቸው፤ የፊት ቀኝ እግሩን አንሥቷል! ብረት ሳይሆን ነሐስ ነው። አንገቱን ሰብሮ አፉን ከፈት አድርጓል፤ ልጓምም አለው። የተቀመጠበት የጥንት ንጉሥ ነው፤ ጢማም ነው፣ ጦርም ጋሻም አልያዘም፤ ቀኝ እጁን ብቻ ወደ ፊት ዘርግቷል። እርካብ ግን የለውም። በጣቱም በሙሉ እግሩም የረገጠው ነገር የለም፤ እግሮቹ እንዲሁ ተንጠልጥለዋል። ብዞር ብዞር አጣሁት። ጥበቃው «ምን ጠፋሽ?» አለኝ። እርካብን በጣልያንኛ ምን እንደሚሉት ስለማላውቅ እግሬን አንሥቼ አሳየሁት። ሳቀና በዚያ ዘመን እርካብ አልነበረም አለኝ። ደግሞ ይህ ግልባጩ ነው፤ ዋናውን ዝናብ እንዳይጎዳው ቤት አስገብተውታል። አባየ፣ ቦራው በክረምት የሚያድረው የት ነው?

ፖስታ ካርድ ገዝቼ እዚህ ውስጥ አድርጌያለሁ። ገዝቼ አልኩ እንጂ ልከፍል ስል ናርዶስ እጄን ያዘችኝ። ዳቦውንም አውቶቡሱንም እነሱ ናቸው የከፈሉት። እንዲህ ተሞላቅቄ አላውቅም።

ከኮረብታው ወርደን በእግራችን ወደ አንድ ረጅም ሜዳ ሄድን። ጥንት ፈረስ ያሽቀዳድሙበት ነበር። ዛሬ ሣር ብቻ ነው፤ ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል። ጎንና ጎኑ ተዳፋት ነው፣ ተመልካች የሚቀመጥበት። የኛን ሜዳ እስኪመስለኝ ድረስ ዳሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አቧራ የለም፣ ኮቴ የለም፣ የሚፎክር የለም።

«አባየን እዚህ ሜዳ ላይ በቦራው ባየሁት» አልኩ።

እማማ ውብአየሁ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «ምነው?» ብላቸው «ብርዱ ነው» አሉ።

ከሜዳው ጫፍ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ አለ። አሁን መኪና ይዞርበታል፤ ለሌላ ነገር መታሰቢያ የተተከሉ ሁለት ቀጫጭን ዓምዶችም አሉ። እማማ ውብአየሁ ሐውልቱ ሳለ ያውቁታል። አገራቸው ሲናፍቃቸው መጥተው እሥሩ ይቀመጡ ነበር።

«አሁን የት ነው?» አልኩ፤ እያወቅሁ።

«አገሩ ገባ።»

«ፈቃድ ነበረው?»

«የምን ፈቃድ፣ እሱን በጉልበት ነው ያመጡት።»

«እኔን በጉልበት ያመጣኝ የለም። ለዚህ ነው የሚመልሰኝ የጠፋው።»

ናርዶስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እማማ ውብአየሁ ግን ከሳቃቸው ወደ ልቅሶ ገቡ። የሳቅ እንባ መስሎኝ መሐረብ ሰጠኋቸው።

ኮሎሴዎንም ከውጭ አየነው። ሰዉ አጥሩን ዞሮ ተሰልፏል። እማማ «ፍርስራሽ ለማየት ይህን ሁሉ ሰልፍ?» አሉ። እኔ መግባት ፈልጌ ነበር። ናርዶስ ሰዓቷን አየችና «ይመሻል» አለች።

እማማ ቤት ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቄሱ ተቀምጠዋል። ጠዋት አብረን ያስቀደስነው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ንፍሮ ተጥዷል። እትዬ፣ አገሬ ሳለሁ እንዲህ ካለ ቤት ስንት ጊዜ ገብቻለሁ! ወዲያው አወቅሁት፤ መርዶ ነው። እንደ አገራችን በማለዳ ቤቴ መጥተው ሊያረዱኝ አልቻሉም፤ የምኖርበት ቤት የኔ አይደለም። ወዳጅ የሚሰበሰበው ደግሞ ከሥራ ሲወጣ ነው። እስከዚያው ከሌላ ሰው እንዳልሰማ ስልኬን ይዘው፣ ብቻዬን እንዳልሆን እጄን ይዘው ሮምን ሲያዞሩኝ ዋሉ።

የናርዶስ ወንድም ለጥር ሃያ ሦስት እንጅባራ ነበር። የደርበው ቦራ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በሜዳው ላይ ሲሳብ አይቶ ደወለላት። በኛ አገር ፈረስ እንዲያ የሚሳበው ጌታው ሲሞት ነው። ናርዶስ ምን ትጠርጥር?

አለቀስኩ። አባየ፣ ምን ብዬ እንዳለቀስኩ ልንገርህ። «ምን ነካህ» አላልኩም። «አልቀበርኩህም» ነው ያልኩት። መጥቼ አፈር ማልበስ እንደማልችል አውቅ ነበርና። የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም። «ጥቂት ቀርቶታል» ስል ልዋሽህ አልነበረም፤ በየዓመቱ እኔም አምኜው ነው። ማመልከቻው ይገባል፣ ተመልሶ ይመጣል። አንዴ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት የለም፤ ቤታችን ደግሞ የቆመው እዚህ በምሠራው ነው። ለዘንድሮም ለከርሞም የምሰጥህ ቀን የለኝም።

ከዚያ ስልኬን ከናርዶስ እጅ ቀማሁ። ቄሱ «ተዪ ልጄ» አሉ። ቤታችን ውስጥ ማን እያለቀሰ እንደሆነ ልስማ ብዬ ደወልኩ። ስልክ የማይወደው አባየ ራሱ አነሣው። ልቅሶውን ሰምቶ «ማን ሞተ?» አለኝ።

ወደ ሰዉ ዞሬ «አባየ ነው!» አልኩ። እማማ ውብአየሁ እልል ሊሉ ጀምረው አፋቸውን ያዙና፣ «እንግዲህ ይህን ሁሉ ንፍሮ ምን እናድርገው?» አሉ።

በላነው። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር አላስታውስም።

አባየ፣ ፈረሱን ለይኸነው ስጠው። ለሌላ እንዳይሰጥ ያልኩት ስስት ነው። እኔን ሲጠብቅ እንዳያረጅ።

ልጃችሁ ምሥራቅ


እንጅባራ፣ መጋቢት 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥራቅ፤ ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። አባትሽ «ከሙታን ተለይቼ ሰላም ብያታለሁ በያት» ብሎኛል።

የባዶው ኮርቻ ነገር እንዲህ ነው። በዓሉ ዕለት ማለዳ አባትሽ «ይኸነው ሳይወጣበት ይሳበውና ሜዳውን አዙሮ ይመልሰው። ሰው የልጄን ፈረስ ይይላት» አለ። «ወንድሜ፣ ባዶ ኮርቻ ለሟች ነው» ብዬ ብነግረው፣ «የሟች ፈረስ አያጌጥም፤ የኔን እንዲያ ያስጌጥኩት ለዚህ አይደለም?» አለኝ። ከሩቅ ጌጡን ማን ያያል? የዳንግላ ሰዎች ከሜዳው ማዶ አይተው በዚያው ሚኒባስ ተሳፈሩ። የቅርቦቹ ደረታቸውን እየመቱ ወደኛ መጡ። አባትሽ ደጅ ተቀምጦ የተቀቀለ ድንች ሲልጥ አገኙት።

«ማን ሞተ?» አላቸው።

«አንተ» አለችው ጎረቤታችን ወርቅነሽ።

«እንግዲያው ግቡና ቅመሱ።»

ይህን ቀደም ብዬ ያልጻፍኩልሽ መሳቂያ እንዳንሆን ብዬ ነው። ሮም ይደርሳል ብዬ መቼ አሰብኩ!

ደብዳቤሽን እንዳልሽኝ ድምፄን ሳልቀንስ አነበብኩለት። ሜዳውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። እርካብ የለውም ስል «ታዲያ እንዴት ወጣበት?» አለ። ካርዱን ለጋሽ ዓለምነው አሳያቸው። ወደ ብርሃን አውጥተው ብዙ አዩትና «አንሥቷል» አሉ። ንፍሮው ላይ ስደርስ እስኪያስለው ሳቀ። ፈቃድ የለኝም ያልሽው ላይ ስደርስ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ድምፄን አልቀነስኩም።

ሳበቃ ተነሥቶ ወጣና ፈረሱ አጠገብ ቆመ። በአገውኛ ብዙ ነገር ነገረው። ሰምቼዋለሁ፤ የሁለቱ ነውና አልጽፈውም።

በማግስቱ «ጻፊላት» አለኝ። «ከእንግዲህ ቀን አትቁረጥልኝ። ቀን ስትቆርጥልኝ እቆጥራለሁ፣ ስቆጥር አረጃለሁ። ስትመጣ ዝም ብላ ትምጣ።»

«ፈረሱንስ?»

«ይኸነው ይግራው።»

ይኸነው ገራው። አንድ ጊዜ ጭቃ ውስጥ ጥሎት ጋሽ ዓለምነው ራሳቸው ሳቁበት፤ አሁን ግን ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ሲሉት ይቆማል። እንግዲህ ለይኸነው ሊሰጠው ነው ብዬ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አባትሽ «ውረድ» አለውና ወደኔ ዞረ።

«ማናሌ፣ ነይ ውጪበት።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ይህ ፈረስ የሚያውቀው ሱሪ ብቻ ነው። ቀሚስ ጎኑን ሲነካው ይደነግጣል፤ ልጄን ይጥልብኛል።»

ይኸነው በአንድ ጎን፣ ጋሽ ዓለምነው በሌላ ጎን ገፍተው አወጡኝ። እግሬ እርካቡን ስላላገኘው እንደዚያ ንጉሥ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወርቅነሽ ከአጥሩ ማዶ ሆና «ማናሌ፣ እጅሽንም ዘርጊው እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። ፈረሱ ቀሚሴ ሲነካው ሰውነቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አባትሽ ልጓሙን ይዞ በአገውኛ እያናገረው፣ እኔም ጋማውን ጨብጬ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቀርከሃውን ዞርነው።

ዓይኔን ስገልጥ ከአጥሩ በላይ ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ስኖር ከግቢያችን አስፋልቱ እንደሚታይ አላውቅም ነበር። ሚኒባስ ሲቆም ይታያል፤ የሚወርደው ሰውም ዕቃውን ሲቀበል ይታያል።

ይህን ለአባትሽ ነገርኩት። መናገር አልነበረብኝም። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ያወጣኛል። እሱ ከታች ልጓሙን ይዞ ይሄዳል፣ እኔ ከላይ ሆኜ አያለሁ።

«ቆመ?» ይለኛል።

«ቆመ።»

«ማን ወረደ?»

«አንድ ሰውዬ። አላውቀውም።»

«ይሁን። አንድ ዙር እንጨምር።»

ፈረሱ ቀሚስ ለምዷል፤ አይደነግጥብሽም።

አክስትሽ ማናለብሽ